ከእምብርት በላይ አራት ጣት ካንድ አውራ ጣት

መካነ ሰላም በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የተከራየኋት ክፍል አንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነበረች። መሪጌታው በደብራቸው ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እኔም ከእነሱ ሰምቼ እንደዚያው እላቸው ነበር። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአቀስታ ልጅ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ይኼ በግቢው ውስጥ ማንንም አላስገረመም። ያስገረማቸው ጫማዎቼን በራፌ ላይ በመስመር መደርደሬና የሳምንቱን ሥራዬን ጽፌ ግድግዳ ላይ መለጠፌ ነው። የኔታ ገና የመጀመሪያ ቀን ቆመው አነበቡት።

«ሰኞ፣ ካልሲ ማጠብ» አሉ፣ እንደ ምስባክ እያዜሙ። «ማክሰኞ ቢቆሽሽስ?»

«እስከ ሰኞ ይጠብቃል» አልኳቸው። ቀልዴን አልነበረም።

የኔታ ጨጓራቸውን ያማቸው ነበር። ሕመሙ የቆየ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ባሰባቸው። በጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስ ክኒን ሰጠቻቸው፣ ሆስፒታል ሄደው እንዲመረመሩ ወረቀት ጻፈችላቸው፣ «ሆድዎን ባዶ አያድርጉት፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ» አለቻቸው። ክኒኑን ዋጡ። ወረቀቱን አንድ የብራና መጽሐፍ መካከል አስገቡት፤ እዚያ የገባ ወረቀት ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል እንጂ ሆስፒታል አይደርስም። ምክሩን ግን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። የኔታ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው አያውቁም፤ ተማሪዎቻቸውንም እንደዚያው አድርገው ነው ያሳደጉት።

«ቶሎ ቶሎ ብላ የሚባለው ጥጃ ነው» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኼን ሁዳዴ እንደ ወትሮዬ መጾም። ተማሪ ፊት እህል እያላመጥሁ ‹ጹሙ› ልበል?»

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ሹፌር ነበር። ሥራው ሲያልቅ ይዞ የመጣው አንድ ቴርሞስና አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ቴርሞሱን ለእናታችን ሰጣት፣ መጽሐፏን ለእኔ። መጽሐፏ ቻይናዎች ሰውን በመርፌ እየወጉ የሚያክሙባቸውን ነጥቦች በሥዕል የምታሳይ ነበረች። አንድ ሰውዬ ራቁቱን ቆሟል፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጥብ በነጥብ ሆኗል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም ቅሬታ አይታይም።

ነገሩን ላስረዳ። ቻይናዎቹ እንደሚሉት በሰውነታችን ውስጥ የሕይወት ኃይል የሚመላለስባቸው መንገዶች አሉ። መንገዱ ሲዘጋ ሕመም ይመጣል፤ በመንገዱ ላይ ያሉትን ነጥቦች መውጋት፣ መጫን ወይም ማሞቅ የተዘጋውን ይከፍታል። እንደ ባዮሎጂ መምህር እነዚህን መንገዶች በማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘኋቸውም። እንደ መካነ ሰላም ነዋሪ ግን የተዘጋ መንገድ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም፤ በክረምት ከሚኒባስ ወርጄ ሚኒባሱን ገፍቻለሁ። ስለዚህ ሐሳቡ ቶሎ ገባኝ።

ከነጥቦቹ ሁሉ ለጨጓራ ዋናው ትርጉሙ «የሆድ መካከል» የሆነው ነው። ቦታው ከእምብርት እስከ ፍርምባ አጥንት ጫፍ ካለው መስመር እኩሌታ ላይ ነው። ሲለካ፣ ከእምብርት ወደ ላይ አራት ጣት ይጋደማል፤ በዚያ ላይ አንድ አውራ ጣት ይጨመራል። ጣቱ የበሽተኛው የራሱ ጣት እንጂ የሐኪሙ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ትልቅ ጣት አለው፣ ትንሽ ሰው ትንሽ። ይቺ ነገር በጣም ደስ አለችኝ። ለጨጓራ ሕመም፣ ለመንፋት፣ ለማቅለሽለሽና ለስቅታ ይጠቅማል ይላል መጽሐፉ። አንድ ቅዳሜ መጽሐፏን ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ።

ሥዕሉን አቅርበውም አርቀውም አዩት። «መርፌ ነው?»

«መርፌ ነው፤ ግን ቀጭን ነው፣ ፀጉር ያህል።»

«ደም አይወጣውም?»

«አንዲት ጠብታ ልትወጣ ትችላለች።»

መጽሐፏን ዘግተው መለሱልኝ። «ደም እየፈሰሰኝ ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነው? ስንት ዘመን የቆምኩበትን አገልግሎት በፀጉር ልታስለቅቀኝ!»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ደም የሚፈሰው ሰው፣ ቁስሉ የጣት ቢሆን እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። የኔታ ደግሞ በዚህ ሕግ አይቀልዱም። አንድ ጊዜ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ምላጩ ስቷቸው ደማ፤ በዚያን ቀን ከደብሩ ቅጥር ውጭ ወይራ ሥር ቆመው፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስተማሩ።

«በጣትም ይሆናል» አልኳቸው። «መጫን ብቻ ነው።»

«እንደሱ በለኝ እንጂ!» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

መካነ ሰላም ብርድ ነው። የመጽሐፉ ሰውዬ ራቁቱን የቆመው ቆላ መሆን አለበት። የኔታ ከጋቢው ሥር ካፖርት አላቸው፤ ከካፖርቱ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ፣ ከዚያ እጀ ጠባብ፣ ከዚያ መታጠቂያ። የመጀመሪያው ሹራብ ላይ ስንደርስ እጄን ያዙ። «እዚህ ይበቃል።»

ባለቤታቸው፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ በር ላይ ሽንብራ እየለቀሙ ነበር። «አራት ልጅ ስወልድለት ያላየሁትን ሆድ ዛሬ ለመምህሩ ሊያሳይ ነው?» አሉ። «አብሽር፣ አንተ ልጅ! እዚያው ሹራብ ላይ እኔም ቆሜያለሁ።»

ስለዚህ እምብርቱን በግምት ያዝነው። የኔታ አራት ጣታቸውን አጋደሙ፣ አውራ ጣታቸውን ጨመሩ፣ እኔም በሁለት ሹራብ ላይ ሦስት ጣቴን አሳርፌ በቀስታ እያዞርኩ ተጫንኩ። ለስንት ጊዜ ነው አሉኝ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል አልኳቸው። የኔታ ሰዓት አያስሩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ርዝመቷን የሚያውቋትን አንዲት ዜማ በለሆሳስ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ በሰዓቴ አየሁ፣ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ረዥም ግሳት ወጣቸው። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለቀቀኝ» አሉ።

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። በዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ያስረዳሁት ነገር በተቀባዩ ሆድ ውስጥ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ደስታው ስላላስቻለኝ ማስረዳቴን ቀጠልኩ፦ ቻይናዎቹ ሆድ ሲቀዘቅዝ ነጥቡን በጢስ ያሞቁታል፣ የሚያጨሱት ቅጠል ደግሞ የእኛ የጭቁኝ ዘመድ ነው አልኩ። እትዬ ሽንብራውን አስቀመጡ።

«ብርድ ነው ስል ማን ሰማኝ?» አሉ ለባላቸው። «ይኸው፣ ቻይና ድረስ ታውቋል!»

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ የኔታ ከመብላታቸው በፊት፣ እንጫን ጀመር። ከሳምንት በኋላ ያለ እኔ ብቻቸውን ቻሉ። ተማሪዎቻቸው አዩ፤ የቆሎ ተማሪ ያየውን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፤ «ከእምብርት አራት ጣት፣ በላዩ አውራ ጣት» የሚለውን እንደ ትምህርት ይደጋግሙት ጀመር። ጎረቤት ሰማ። ዜማ የማያውቁት በሌላ ለኩት፤ በስተግራችን ያሉት ሐጂ በተስቢሕ መቁጠሪያቸው ቆጠሩት። ወይዘሮዎች በመቀነታቸው ላይ፣ ገበሬዎች በብርድ ልብሳቸው ላይ ተጫኑ። ለሁሉም ተሻላቸው። አንዱ እንዲያውም ነጥቡን ደረቱ ላይ አግኝቶት እሱም ተሻለው። እንደ ሳይንስ መምህር ይኼ ሊያሳስበኝ በተገባ ነበር፤ አላሳሰበኝም።

ያሳሰበኝ ሥርዓት አለመኖሩ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርቶን ገዝቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ቦታው በቀይ፣ አጫጫኑ በሰማያዊ፣ ጊዜው በአረንጓዴ። አራተኛ ረድፍም ሊኖረው ይገባ ነበር፤ በመጽሐፏ መጨረሻ ገጽ ላይ «የማይነካበት ጊዜ» የሚል ዝርዝር አለ። ካርቶኑ አለቀ። አራተኛ ቀለምም አልነበረኝም። ሌላ ካርቶን ስገዛ እጨምረዋለሁ ብዬ ሰንጠረዡን በደብሩ ቅጥር ውስጥ የኔታ በሚያስተምሩበት ጎጆ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከሩቅ ያምር ነበር።

ርእሰ መምህራችንም ሰማ። ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ይኼ ነገር በዓመት ዕቅድህ ውስጥ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«በሌለ ዕቅድ ውጤት ማስመዝገብ አይቻልም» አለ አዝኖ። ትንሽ አሰበ። «ወደ ዕቅዱ እናስገባውና ከዚያ ምርጥ ተሞክሮ እንለዋለን። ‹መምህሩ ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀናጅቶ› በልና ጀምርልኝ። ገጹ ከአምስት አይነስ።»

ስድስት ገጽ ጻፍኩ፤ ማውጫ አለው። በመጨረሻው ክፍል «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር «የለም» ብዬ ሞላሁ። ሪፖርቱ ማኅተም ተመታበትና ወደ ላይ ሄደ። ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለገባ ግቢያችን ቀን ቀን ጭስ የማይወጣበት ግቢ ሆነ። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ እስከ መግሪብ። የኔታ ደስ ብሏቸው ነበር። ጠዋት ሲያገኙኝ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው «መንገዱ ክፍት ነው» ይሉኛል። ፊታቸው እንደ አመድ መሆኑን አይቻለሁ፤ የጾም ነው አልኩ። ከወይራው እስከ ግቢያችን ሲመጡ ሁለት ጊዜ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ሲያርፉ አይቻለሁ፤ ዳገቱ ነው አልኩ። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ነበረኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እትዬ ክፍሌ በር ላይ መጡ። ሳይቀልዱ ሲመጡ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትቆጣኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሰውየው የሚወጣው ጠቁሯል። እንደ ሬንጅ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እሱ ደስ ብሎታል! ‹መምህሩ የሚጫነው የቆየውን ክፉ ነገር እያወጣው ነው› ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? የሚያወጣ ነገር ነው ወይ?»

መጽሐፏን አንስቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ለካርቶኑ ያልበቃው ዝርዝር እንደተጻፈ አለ። ለነፍሰ ጡር አይነካም። እብጠት ያለበት አይነካም። ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ አይነካም፣ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ይሂድ። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲፈጭ እንደሚጠቁር ለማወቅ የቻይና መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር። ያስተማርኩት ምዕራፍ ነው።

ጎጆው ደረስኩ። የኔታ ሰንጠረዤ ሥር ተቀምጠው አንድ ተማሪ ያዜማል፣ እሳቸው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን እየነኩ ያርማሉ። ተማሪው ዝም ሲል ገባሁ።

«የኔታ፣ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት። ዛሬውኑ።»

«ምን ሆኜ? ሕመሙ ለቆኛል።»

«ሕመሙ ቢለቅም ቁስሉ አለ። ሰንጠረዡ ላይ ያልጻፍኩት ነገር ነበር፤ ቦታ አልበቃኝም።»

ወደ ግድግዳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ዘለልክ?»

«ዘለልኩ።»

«እኛ ቤት መስመር የዘለለ ተማሪ ከመጀመሪያው ይደግማል» አሉ። «ሂድ፣ ሌላ ካርቶን ግዛና ድገም። እኔ ሁዳዴ ላይ ሐኪም ቤት ሄጄ ‹ብላ› አልባልም።»

ሐኪም፣ ቁስል፣ አደጋ እያልኩ በተራ በተራ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ልጅ ትምህርቱን በደንብ ሲያነበንብ እንደሚነቀንቁት ነው። ተማሪው እንዲቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

«የኔታ» አልኩ፣ «ያ ጥቁሩ ደም ነው።»

መቋሚያው መሬት ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ደም ነው። ጨጓራዎ ውስጥ ይደማል። ሲወርድ ይጠቁራል እንጂ ደም ነው።»

«ይኼ ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ደም እየፈሰሰኝ ነው ስገባ የከረምኩት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ማኅሌት የቆሙበትን ቀን ሁሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ቆጥረው ሳይጨርሱ ተዉት። «ለአንዲት ጠብታ መርፌህን መለስኩልህ። ውስጤ እንደ ምንጭ እየፈሰሰ!» ተነሡ። ሊወድቁ ሲሉ ደገፍኳቸው። «አውጣኝ ከዚህ። ቅጥሩ ውስጥ ነን እኮ!»

ሆስፒታል የሄድነው እንደዚህ ነው። ሞትን የፈሩ አይመስለኝም። የሚፈሰው እስኪቆም ድረስ ከደጃፉ መራቅ ነበረባቸው፤ ደግሞ ቶሎ መመለስ ፈለጉ። ባጃጁ ላይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐኪሞቹ ደሙን የሚያቆሙት በስንት ቀን ነው?

ያየቻቸው ዶክተር ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። የዓይናቸውን ሥር ገልጣ አየች፣ ደም ለካች፣ አልጋ ሰጠቻቸው። ቁስል አላቸው አለች፤ አንድ ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ የምታደርገውን አታውቅም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሆዳቸውን ይጫን የነበረው አንተ ነህ?»

«አዎ። ግን በሁለት ሹራብ ላይ ነው።»

«ሹራቡ ነው ያተረፋቸው» አለች። «ከዚህ በኋላ ጠመኔህን ብቻ ተጫን።»

ሰንጠረዡን የዚያኑ ዕለት አወረድኩት። ነጥቡ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ለቀላል መንፋትና ለስቅታ እኔ ራሴ እስካሁን እጫነዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ጣት ግን ቁስልን አያይም። መጽሐፏም ይህንኑ ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላልኩላት። በየቤቱ እየዞርኩ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩላቸው፤ ሰዎቹ በትሕትና ሰሙኝ፣ ሐጂው «መርሐባ» አሉኝ፣ እና መጫናቸውን ቀጠሉ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ነገሩን ሲሰማ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ሪፖርቱ ሄዷል እኮ! ‹ያጋጠሙ ችግሮች› ላይ ‹የለም› ብለሃል። አሁን ችግር አለ ብንል ተሞክሮው ምን ይሆናል?»

«ችግሩ ሰውየው ሊሞቱ ነበር፣ ጋሼ።»

«እሱን ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እንያዘው» አለ።

የኔታ ስድስት ቀን ተኝተው ደማቸው ቆመና ወጡ። ክኒናቸው በሰዓት ነው፤ ምግባቸውም በሰዓት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብላት አለባቸው። እምቢ አሉ። ዶክተሯ ብትነግራቸው እምቢ፣ እትዬ ቢያለቅሱ እምቢ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው፣ ከየኔታ በዕድሜ የሚያንሱ ቄስ፣ ቤት ድረስ መጥተው መስቀላቸውን አወጡ። «ሕመም ነው፣ ኃጢአት አይደለም። ይብሉ ብያለሁ፤ ትእዛዝ ነው» አሏቸው። ትእዛዝ ሲሆን የኔታ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ።

በማግስቱ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ቤት ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ጠሩኝ። እትዬ የአጃ ሾርባ ሠርተው፣ ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ማየት አልቻሉም መሰለኝ ውጭ ወጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። የኔታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ናቸው። ማንኪያውን ይዘዋል።

«ብቻዬን በልቼ አላውቅም» አሉ። «ተቀመጥ።»

«ጾመኛ ነኝ፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። ግቢው በሙሉ ጾመኛ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የታዘዝኩት። ተቀመጥና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። ያልበላ ሰው እያየኝ አይወርድልኝም።»

ተቀመጥኩ፣ ፊቴን አዞርኩ። ሲባርኩ ሰማሁ። ማንኪያው ሳህኑን ነካ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ስለረዘመ ልዞር ስል እትዬ ከውጭ ተጣሩ።

«ጨው በዛው እንዴ? የቀመሰልኝ ሰው የለም፤ እኔም አልቀመስኩት!»

«ልክ ነው» አሉ የኔታ። አንድ ጊዜ ሳሉ። ማንኪያው እንደገና ሳህኑን ነካ፣ ደግሞ እንደገና። «እጅሽ ይባረክ፣ ልክ ነው።»

ከዚያ በለሆሳስ፣ ለእኔ ብቻ፦ «አንተ መምህር፣ ሳትዞር ያንን የውኃ ማሰሮ ወዲህ ግፋው።»